ተረት ተረት ሲባል መላሽ ነበረ

ማምሻ ለእኛ ራሷን የቻለች ጊዜ ነበረች። ከብቱ ገብቶ፣ ላሟ ታልባ፣ እራት ተበልቶ፣ እግር ከታጠበ በኋላ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ያለችው ሰዓት ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች አገር ስለሆነች፣ በዙሪያዋ ያደገ ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ምሽት አይረሳም። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ውርጩ ደጅ አያስቆምም። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። ኩበቱ ይጨሳል፣ ኩራዙ ጭል ጭል ይላል፣ እኛ ልጆች አንድ ባና ለሦስት ለአራት ተከናንበን ገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። አያቴ እምዬ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

ያ ጊዜ ዛሬ የለም። ብርዱ አለ፣ አገሩም አለ፤ ማምሻዋ ግን ሄዳለች። ከእሷ ጋር የሄደው ምን እንደሆነ ሳስብ ብዙ ጊዜዬ ነው። ተረቶቹ ብዙዎቹ በመጽሐፍ ታትመው ተርፈዋል። እኔን የሚቆጨኝ ተረቱ ይሠራበት የነበረው ጥበብ፣ ያውም የተራኪውና የአድማጩ የጋራ ጥበብ መቅረቱ ነው።

«ተረት ተረት!» ትላለች እምዬ።

«የላም በረት!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

መልሳችን ከደከመ አትጀምርም። «ማነው ዝም ያለው?» ብላ በኩራዙ ብርሃን ፊታችንን አንድ በአንድ ታያለች። የሚያንቀላፋው ታናሻችን ሳይቀር መመለስ ነበረበት። ያ ጥሪና ምላሽ ውል ነበር። ከዚህ በኋላ የሚነገረው በቀን ብርሃን የማይሆን ነገር ነው፤ ጅብ ይናገራል፣ ጭራቅ ሰው መስሎ ሚስት ያገባል፣ የሞተ ይነሣል። «የላም በረት» ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሊቀበል ቃል ገብቷልና መሀል ላይ ተነሥቶ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» አይልም። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትዘጋዋለች። ያኔ ጭራቁ ከነጥርሱ እዚያው ይቀራል፤ እኛ ወደ ምድጃችን እንመለሳለን። ዕዳም ይዘን ነበር የምንመለሰው፤ በሚቀጥለው ምሽት ከመካከላችን አንዱ በተራው ተረት ማምጣት አለበት። አድማጭ ሆኖ ብቻ ማደግ አይቻልም ነበር።

ከተረቱ በፊት እንቆቅልሽ ይቀድማል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን አስረክቦ፣ አገሩን የተቀበለው ልጅ የሚያወርድበትን የስድብ ናዳ ችሎ ይሰማል። ይህ ለሣቅ ብቻ የተደረገ አልነበረም። እንቆቅልሽ የሚፈታ ልጅ አንዱን ነገር በሌላው ውስጥ ማየት ይለምዳል። ጥርስን በረድፍ የቆሙ ነጫጭ ፈረሶች አድርጎ ለማየት የተዘጋጀ ሕፃን ቀጥሎ የሚመጣው ጅብ ቢናገር አይደንቀውም። ማምሻዋ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የምትወስድ የራሷ ሥርዓት ነበራት።

እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን የማይሆነውን ነገር እንዲሆን አድርጎ መናገር እንዴት እንደሚቻል ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። የመጀመሪያው ዘዴዋ ቦታ ነው። ተረቷ «በአንድ ሩቅ አገር» አይጀምርም፤ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ይጀምራል። ጦጢት አያ ጅቦን አታልላ የጣለችበት ገደል እኛ ከብት ስንጠብቅ የምናውቀው ገደል ነው። ጭራቁ የተደበቀበት ዋሻ አፉ ከቤታችን ይታያል። በማግሥቱ እረኝነት ስንወርድ በዚያ በኩል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፋለን። እግሩ የታወቀ መሬት የረገጠ ተረት ራሱ ደመና ውስጥ ቢገባም አይወድቅም።

ሁለተኛው ዘዴዋ ሕግ ነው። አንድ ምሽት ተራው የደረሰው የአጎቴ ልጅ አያ ጅቦን ከአንበሳ ለማስመለጥ ሲቸግረው በሰማይ አበረረው። እምዬ እንዝርቷን አቆመች። «ጅብ ክንፍ ከየት አመጣ?» አለችው። «በተረት ነዋ!» ሲላት ራሷን ነቀነቀች። «እንዲበርልህ ከፈለግህ መጀመሪያ ክንፉን ስጠው፤ ማን እንደሰጠው፣ ስለምን እንደሰጠው ንገረን። ከዚያ አብርረው።» ጅብ ሲያወራ ሲሟገት ምንም ያላለች ሴት በመብረሩ ላይ ፍርድ ቆመች! ምክንያቷ ግልጽ ነበር፤ የተረት ዓለም ከእኛ ዓለም የበለጠ ሕግ ያከብራል። ጅብ ይናገር እንጂ ሆዳምነቱን አይተውም። ጦጢት ትንሽና ደካማ ናት፤ ስለዚህ ጉልበቷ ምላሷ ነው። ጭራቅ ብልህ ቢሆንም ሰው የመብላት ረኀቡ ያጋልጠዋል። አንዱን የማይሆን ነገር ተራኪው በመነሻው ይሰጠናል፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ እየተመዘዘ በሥርዓት መምጣት አለበት። ከችግር ማምለጫ ሲጠፋ ከሰማይ የሚወርድ ተአምር አድማጭን መናቅ ነው።

ሦስተኛው ድምፅና ዝምታ ነው። አያ ጅቦ በአፍንጫው ይናገራል፣ እመት ጦጢት በቀጭኑ ትንጣጣለች፣ አያ አንበሶ ሲናገር የእምዬ አገጭ ወደ ደረቷ ይወርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንዝርቷ ነበር። ተረቱ በደህና ሲሄድ እንዝርቷ ይሽከረከራል፣ ፈትሉም ይወርዳል። አደጋ ሲቃረብ እንዝርቱ ይዘገያል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ቆሎ የሚቆረጥም ልጅ አይኖርም። በር ሊከፈት ነው፣ ወይም አንድ እጅ ሊዘረጋ ነው። ምን ያህል እንደምትቆይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠራ የማየው በአንበሳው ጠጉር ተረት ነው። በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል፤ በአንዳንዱ ሴትዮዋ የምትፈልገው የባሏን ፍቅር ነው፣ እምዬ በምትነግረን ግን የእንጀራ ልጇን ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ አዲሷን ሴት አልቀበል ይላል። የሠራችውን አይበላም፣ የሰፋችለትን አይለብስም። ሴትዮዋ ጨንቋት አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች። «በሕይወት ካለ አንበሳ ጠጉር ነቅለሽ አምጪልኝ፣ መድኃኒት እሠራልሻለሁ» ይላታል።

እምዬ እዚህ ላይ አትቸኩልም። በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ትሸሻለች። በማግሥቱ ትንሽ ትቀርባለች። በሠልስቱ ከዛፉ ሥር ቆማ ሲበላ ታየዋለች። እያንዳንዱ ቀን በተመሳሳይ ቃላት ይነገራል፤ የሚለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። ቃላቱን በቃላችን ስለያዝናቸው አብረን እንላቸዋለን። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ድምፃችን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ሴትዮዋ ከአንበሳው አጠገብ ስትቀመጥ ሁላችንም በሹክሹክታ ላይ ነን። እጇን ትዘረጋለች። እንዝርቱ ቆሟል። ጠጉሩ ይነቀላል፤ አንበሳው አይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል። ሴትዮዋ እየሮጠች ለሽማግሌው ስታቀርብ «አንበሳን ያላመደ ትዕግሥትሽ አንድ ሕፃን ማላመድ ያቅተዋል?» ይላታል።

የዚህ ተረት ምክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ታገሡ ነው። ምክሩ ብቻ ቢነገረን ኖሮ በማግሥቱ እንረሳው ነበር። ያልረሳነው እነዚያን ቀናት ከሴትዮዋ ጋር ወደ አንበሳው ስለተራመድን ነው። ትዕግሥት ምን ያህል ፍርሃት እንዳለበት፣ ምን ያህልም ቀስ ብሎ እንደሚሄድ በገዛ ጉሮሯችን አወቅነው።

ስለ ተረት ፍርሃት ዛሬ የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። ጭራቁን ያወጡታል፣ ጅቡን የዋህ ያደርጉታል። እኛ ባደግንበት አገር ግን ደጅ እውነተኛው ጅብ ይጮኽ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ድምፁ ሲሰማ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በስስቱ ሰበብ ተሞኝቶ ገደል የሚገባው አያ ጅቦ አለ። እምዬ ያንን ድምፅ ሰምታ ተረቷን አታቋርጥም፤ እንዲያውም ታስገባዋለች። «ይኸው እሱ ነው፣ ወገቡን አሞት ነው» ስትል በሣቅ እንፈነዳለን። ፍርሃቱ ቀድሞም ነበረ፤ ተረቱ መልክ፣ ስምና መሸነፊያ ሰጠው። በሰው ጉልበት ሥር፣ በሰው ሙቀት ውስጥ ሆኖ መፍራት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

አድማጮቹ ልጆች ብቻ አልነበሩም። ዘመኑ የጦርነት ነበር፤ ከየቤቱ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ይወሰዳል። ልጇ የተወሰደባት አክስቴ ማታ ማታ እየመጣች ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። እምዬ ዛሬ የትኛውን ልንገራችሁ ስትል፣ እኛ ልጆች ስለ ጅብ ስንጮኽ፣ አክስቴ ቀስ ብላ ጭራቅ የወሰደው ልጅ ወደ እናቱ የተመለሰበትን ትጠይቃለች። ተረቱን ከእኛ በተሻለ ታውቀዋለች። ልጁ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች። ተረት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ያቺን ሴት አላየም።

ጎልማሳ ሆኜ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ስለ ተረት ያደረገውን ንግግር ታትሞ ሳነብ እምዬና አክስቴ ፊቴ መጡ። ከንግግሩ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1937፣ ለልጆቹ ከነገራቸው ተረት የተወለደውን «ሆቢት» አሳትሞ ነበር። ቶልኪን እንደሚለው ጥሩ ተራኪ የአድማጭ ልብ የሚገባበት ሁለተኛ ዓለም ይሠራል፤ በዚያ ዓለም ውስጥ የሚነገረው ከዓለሙ ሕግ ጋር እስከተስማማ ድረስ እውነት ነው፤ ሕጉ ሲፈርስ ድግምቱም ይፈርሳል። ይህ የክንፉ ነገር ነው። ተረት ከኑሮ መሸሻ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ የታሰረ ሰው ስለ ቤቱ ቢያስብ ስለምን ይነቀፋል ሲል ይሞግታል። ይህ ደግሞ የአክስቴ ነገር ነው። በሁለት ሩቅ አገሮች፣ አንዱ በመጽሐፍ፣ አንዷ በእንዝርት፣ ወደ አንድ እውነት መድረሳቸው ጥበቡ የሰው ልጅ ሁሉ መሆኑን ይነግረኛል።

አገራችን በዚህ ድሃ ሆና አታውቅም። ሰውን የሚገዛው፣ ግብር የሚበላው ዘንዶ አርዌ በአፈ ታሪካችን መጀመሪያ ላይ ይገኛል፤ ዘንዶውን በብልሃት የገደለው ሰው ነገሠ፣ ከዘሩም ንግሥት ማክዳ መጣች ይባላል። ይህ ታሪክ ከንግሥተ ሳባ ጉዞ ጋር በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የባህል ዕቃ መደብር የገባ ሁሉ አይቶታል። የታላቁ እስክንድር ጀብዱ በግእዝ ተጽፎ ተነቧል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም በዚህ የጀብዱና የመደነቅ መንፈስ የተሞላ ነው። ሀሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው በአንድ ተራራ ላይ በውርርድ ሌሊቱን ራቁቱን ቆሞ፣ በሩቅ የሚነድ እሳት እያየ ከብርድ ከተረፈው ሰው ተረት ነው። እሳት አይተሃልና ተሸንፈሃል ተብሎ ሽልማቱን ሲከለከል፣ አንድ ብልህ ሰው እንግዶች ጠርቶ የወጥ ሽታ ብቻ በመጋበዝ ፍርዱን አስቀለበሰለት፤ ሽታ ካጠገበ የሩቅ እሳትም ያሞቃል። ውርጭ የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ይህን ሲሰማ ጣቶቹን ወደ ምድጃው ያስጠጋል።

በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ምድጃው ቀረ፤ ተረቱ ግን በሌላ በር ጠበቀኝ። በጎረቤት ቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረ። የልጆች ጊዜ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ወለሉ ላይ ይደረደራል። አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉና «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሲጠሩን ጥሪው ማያው ውስጥ ላሉትም ውጭ ላለነውም ነበር። ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. ተወልደው፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር በነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ኮሪያ ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦርም የኪነት ሥራ ያቀረቡ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ። በዚያ መድረክ ያለፈ ሰው ጅብም፣ ጦጣም፣ ንጉሥም መሆን እንደሚችል በፊታቸውና በእጃቸው ይታይ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልጆቹን ዙሪያቸው ማስቀመጣቸው፣ መጠየቃቸው፣ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብለው መልስ መጠበቃቸው ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆነው እንኳ መላሹን አልረሱም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ በልጅነቱ የመለሰላቸው ሕዝብ ነበር።

ታዲያ ማምሻዋ ለምን ሄደች? አንድ ጥፋተኛ የለም። መብራት ገባ፤ መብራት መግባቱ መልካም ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ይህም መልካም ነው። ወላጅ በከተማው ትራንስፖርት ሰልፍ መሽቶበት ይገባል። አያት አገር ቤት ቀረች፣ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያድጋል፤ ወይም ቨርጂኒያ ሆኖ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የፊልምና የስልክ ምናባዊ ዓለም ደግሞ ከእምዬ ዓለም እጅግ ያበራል። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ መልስ አይጠብቅም። ልጁ ቢያንቀላፋም ይቀጥላል፣ ቢፈራም ቆም አይልም፣ ደጅ ጅብ ቢጮኽ አይሰማም።

ተረቶቻችንን የሰበሰቡ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ ዞራ ከተራኪዎች አፍ የሰበሰበችው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በብዙ የልጆች መጽሐፍ ላይ ተረቱ በአንድ ገጽ አልቆ ሥሩ ምክሩ ይጻፍበታል። አንበሳው ዘንድ ለመድረስ የፈጁት ቀናት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘለላሉ። ተረት እንደዚያ ሲሆን ልጅ አይገባበትም፤ አልፎት ይሄዳል። ጥማቱ ግን አልሞተም። በጣና ገዳማት ዙሪያ ምሥጢር የሚያጠነጥነውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ወጣቱ እየተቀባበለ ሲያነብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አበሻ መደነቅ አልጠላም፤ የሚያስደንቀው አጥቶ ነው።

ስለዚህ ልጅ ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ተረት ለመንገር ተዋናይ መሆን አያስፈልግም። ግማሹን የምታስታውሱትን አንድ ተረት ያዙ፤ የቀረውን ራሳችሁ ሙሉት፣ አያቶቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጅቡን በሰፈራችሁ ወንዝ፣ ጭራቁን በፎቁ ምድር ቤት አስቀምጡት። አትቸኩሉ፣ ምክሩንም አታስቀድሙ። ልጁ እንዲመልስ፣ እንዲከራከር፣ በተራውም እንዲተርክ ጠብቁት። እናት አባት ወይም አያት በሕይወት ያሏችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉላቸው፣ በእረፍታችሁም ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። በልጅነታቸው የሰሙትን ጠይቋቸው፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳልና ቅዱት። ቀድታችሁም አታስቀምጡት፤ ለአንድ ልጅ ንገሩት።